የደም ማቅጠኛ ክኒንና የሚጠቁረው ቆዳ



ዋርፋሪን የሚባለውን ክኒን የምታውቁት ጥቂት አይደላችሁም። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የልብ በሽታ ቫልቫቸውን ጎድቶ በብረት የተተካላቸው፣ እግራቸው ውስጥ ደም የረጋባቸውም ይወስዱታል። ከከሚሴ፣ ከባቲ ወይም ከሰንበቴ ተነሥቶ ደሴ አሊያም አዲስ አበባ የታከመ ሰው ክኒኑን ይዞ ሲመለስ ሐኪሙ ሩቅ ነው፤ የሚያየው ቤተሰቡ ብቻ ነው።

ደም መፍሰስን ሁሉም ይፈራዋል። ሌላው ጉዳት ግን እምብዛም አይነገርም። ከአንድ ሺህ እስከ ዐሥር ሺህ ከሚደርሱ ታካሚዎች አንዱን ያገኛል፤ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። ክኒኑ በተጀመረ በ3ኛውና በ10ኛው ቀን መካከል ጡት፣ ጭን፣ መቀመጫ ወይም ሆድ ላይ ብርቱ ሕመም ይነሣል። ቦታው ይቀላል፣ ይወይባል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ በመጨረሻም ጠቁሮ ይሞታል።

ደም ማቅጠኛ ደም ሲያረጋ! ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበት ቫይታሚን ኬን ተጠቅሞ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፤ መርጋትን የሚገታውን ፕሮቲን ሲ የተባለውንም እንዲሁ። ዋርፋሪን ሁሉንም ይቀንሳል፤ ፕሮቲን ሲ ግን በሰዓታት ውስጥ ሲያልቅ ዋነኞቹ አርጊዎች ለቀናት ይቆያሉ። በዚያ መሐል የቆዳ ደቃቅ ሥሮች ይደፈናሉ። ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሄፓሪን የሚባለውን መርፌ አብረው የሚሰጡት፣ ክኒኑንም በትንሽ መጠን የሚጀምሩት ለዚህ ነው። መርፌውን «ክኒኑ ይበቃኛል» ብሎ የሚተው አደጋውን ይጨምራል።

እኛ ዘንድ ምን ይሆናል? «አልማዝ ባለጭራ ነው» ተብሎ ቅጠል ይለጠፍበታል። ሒጃማም የሚያስቡ አሉ፤ ደሙ ለቀጠነ ሰው መበጣት ደም ያለማቆም ሊያፈስ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ዝምታ ነው። እህቴ ሆይ፣ ቁስሉ የሚወጣው በምትሸፍኚው ገላ ላይ ነውና ሐያእ ይዞሽ ቀናት ታሳልፊያለሽ። ለሕክምና ግድ ሲሆን ለሐኪም ማሳየት እንደሚፈቀድ ዑለማዎቻችን አስረድተዋል፤ ሴት ሐኪም ከተገኘች እርሷ ትቅደም።

ክኒኑን በራስ ፈቃድ አቁሞ ቤት መቀመጥም አይሆንም፤ በተተከለው ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። ሐኪሙ ዋርፋሪኑን አቁሞ በሄፓሪን ይተካዋል፣ ቫይታሚን ኬም ይሰጣል። የክኒኑን ዕቃና የተጀመረበትን ቀን ይዛችሁ ሂዱ።