«ፎርማት ይደረግ» ምርመራ አይደለም

ሐርቡ ጠይቁ፣ ኮምቦልቻ ሂዱ፣ ደሴ ውጡ፤ «ላፕቶፔን ዘግቼ ስከፍተው አልነቃም አለኝ» ላለ ሰው መልሱ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ካልሆነ «ባትሪ ይቀየር»። እሱም ካልሆነ «ማዘርቦርዱ ሄዷል»። ኧረ ተዉ! ሳይመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ ምን የሚሉት ሙያ ነው?

ክዳኑ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ አይተኛም። ዋይፋዩም፣ የስክሪን ካርዱም፣ ዩኤስቢውም ድራይቨር የሚባል የየራሱ አስተዳዳሪ ፕሮግራም አላቸው። ሲስተሙ እያንዳንዱን ድራይቨር «ያለህበትን መዝግብና ዕቃህን አስተኛ» ይለዋል፤ ሲነቃ ደግሞ በተገላቢጦሽ ያስነሳቸዋል። በሊኑክስ አንዱ ድራይቨር ስህተት ከመለሰ የሁሉም እንቅልፍ ይሰረዛል። አንተ ተኝቷል ብለህ ቦርሳህ ውስጥ ከተኸዋል፤ እሱ በሐርቡ ሙቀት ውስጥ እየነደደ ባትሪህን ይጨርሳል።

ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ራም ብቻ ኃይል የሚያገኝበትን የድሮውን ኤስ3 እንቅልፍ ትተዋል። አሁን እያንዳንዱ ዕቃ በየራሱ ኃይሉን መቀነስ አለበት፤ የድራይቨሩ ኃላፊነት ከበደ ማለት ነው። የሊኑክስ ከርነል ውስጥ አምራቹንና ሞዴሉን እየጠሩ «ይህ ማሽን ይህ አመል አለበት፣ እንዲህ ያዘው» የሚሉ ሰንጠረዦች ያሉትም ለዚሁ ነው። ታዲያ ፎርማት ምን ያደርጋል? ያንኑ ድራይቨር መልሶ ይጭናል። አንዳንዴ ቢሠራም ድራይቨሩ በአጋጣሚ ስለተቀየረ ነው። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ጠፍቷል።

«ሁሌ ሸትዳውን አድርግ፣ በቃ» የሚሉም አሉ። መብራት ሄዶ ባትሪ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ሥራውን እንደተከፈተ ማስተኛት መቻል አለበት። የገዛው ዕቃ አንዱ ጥቅም እኮ ይሄ ነው!

ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ዊንዶውስ ከሆነ ፓወርሲኤፍጂ የሚባለው ትዕዛዝ መጨረሻ ላይ ማሽኑን ያነቃው ምን እንደሆነ፣ አሁን እንዳይተኛ የሚከለክለውም ማን እንደሆነ ያሳያል። ሊኑክስ ከሆነ የከርነሉ ሎግ ይታይ። ባዮሱና ድራይቨሩ ከአምራቹ ድረ ገጽ ይታደሱ፤ የተጠረጠረው ዕቃ ለብቻው ይዘጋና ይሞከር። ፎርማት የግድ ከሆነም መጀመሪያ ፋይሉ ይገልበጥ።

ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለን። ልጆቻችን የሞዴሉን አመል መዝግበው ለከርነሉ ሰዎች ቢልኩ፣ መፍትሔው ያንኑ ማሽን ለያዘ ሁሉ ይደርሳል። ጠጋኝ ወንድሜ፣ አንተም ገንዘብ ከመቀበልህ በፊት አንድ ጥያቄ መልስ፦ የቱ ድራይቨር ነው?