ብሩሹን አስቀምጡና ሜትር ያዙ

ክረምት በመጣ ቁጥር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለበጎ ፈቃድ ይወጣሉ። ችግኝ ይተክላሉ፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፤ ግድግዳ ቀለም ይቀባሉ። ደግ ሥራ ነው፤ አንነቅፍም። የምንነቅፈው አምስት ዓመት ምህንድስና የሚማርን ልጅ ብሩሽ አስይዞ «ሕዝቡን አገለገለ» ማለትን ነው። ቀለሙንማ ማንም ይቀባዋል። ትምህርት ቤት መንደፍን ግን ማንም አይችለውም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ በጎርፍ ከ250 በላይ ሰው አጣች። በዚያው ክረምት ጣና ዳር ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቀለቁ፤ ደምቢያም አልቀረላትም። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ጎርፉ ግን የዚያ ዓመት እንግዳ አልነበረም። ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ ክረምት ከክረምት ይተኛል፤ መጠኑ ነው የሚለያየው።

አሁን ልብ በሉ። ጣና ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ ነው። ጫፍ የሚደርሰው ደግሞ በመስከረም፣ ትምህርት በሚከፈትበት ወር! መሐንዲስ ቦታ ለማየት የሚመቸውስ መቼ ነው? መንገዱ ሲደርቅ። ደረቅ ሜዳ አይቶ የደረቅ ሜዳ ትምህርት ቤት ነድፎ ይመለሳል። ክፍሉ ውኃ ሲገባበት «የተፈጥሮ አደጋ» ይባላል። እኛ የንድፍ አደጋ እንለዋለን።

ሐይቁን አቋርጠን ደቅ ስንደርስ ሌላ ሒሳብ አለ። ደሴት ነውና ሲሚንቶውም ብረቱም በጀልባ ይሻገራል። ለባሕር ዳር የተነደፈ ሕንፃ ደቅ ላይ ዋጋው ሌላ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ግን እዚያው ደቅ ዳር፣ በድንጋይ ተገንብታ ዛሬም ቆማለች። ከእሷ ለመማር ሜትር ይዞ የሄደ ተማሪ ስንት ይሆን?

ሞሐመድ ረዝዋን የተባለ የባንግላዴሽ አርክቴክት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ጀልባን የመማሪያ ክፍል አድርጓል። ልጆቹ በዝናቡ ወራት ትምህርት ቤት መድረስ ካልቻሉ ትምህርት ቤቱ ይድረስላቸው ብሎ ነው። ጀልባውን እንቅዳ አላልንም። ሰውየው ንድፉን ከውኃው ወቅት መጀመሩን ግን እንቅዳ።

ስለዚህ የምህንድስና ተማሪው ከመምህሩ ጋር ውኃው እየሞላ ሳለ ይውረድ። ግድግዳ ላይ የቀረውን የውኃ ምልክት ይለካ። ሽማግሌዎችን «በ98 የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቅ። ወለሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ልጆቹ በየት እንደሚሻገሩ፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሚቆፈር ይንደፍ። መምህሩም ይፈርምበት፤ ነፃ ሥራ ማለት ተጠያቂ የሌለው ሥራ ማለት አይደለም።

«በዚህ ግጭት መሀል?» የሚለን አይጠፋም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት መዘጋቱን፣ ብዙ መጎዳቱን እናውቃለን። መውረድ የሚቻልበት ቦታ ይወረድ፤ የማይቻልበት ይቆይ። የፈረሰው መልሶ መሠራቱ ግን አይቀርም። ያን ቀን አዲስ ንድፍ ካላዘጋጀን ከመሳቢያ የሚወጣው ያው የደረቅ ሜዳው ወረቀት ነው።