በየወሩ አዲስ የእጅ ሥራ

ጓደኞቼ ሆይ፤ በትርፍ ጊዜ በየወሩ አዲስ የእጅ ሥራ መጀመር በመካከላችን ተለምዷል፤ መስከረም ሥዕል፣ ጥቅምት ሸክላ፣ ኅዳር ክራር። ነገሩ መልካም ነው። ከዩኒቨርሲቲያችን ወላጆች አንዱ፣ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ ያስተማረ ነውና።

ነገር ግን ከፋሲሎ ወደ ጣና ዳር የወረደ ሰው ታንኳ ሠሪውን ይመልከት። ደንገሉን ጠፍሮ ሳይጨርስ ውኃ ላይ አይወጣም፤ ግማሽ ታንኳ ማንንም አያሻግርምና። የእኔው ክራር ግን እስከ ዛሬ ጅማት አልተወጠረበትም።

ስለዚህ በ12ቱ ወራት እንጀምር፤ በጳጉሜን ግን፣ 5 ቀንም ትሁን 6፣ ከጀመርነው አንዱን መርጠን እንጨርስ። በአዲሱ ዓመት መምህራኖቻችን ስንት እንደ ጀመርን ሳይሆን ምን እንደ ጨረስን ይጠይቁን።