እናታችሁን በስልክ አስነሷት

የአዴት ልጆች፣ የቡሬ ልጆች፣ የፍኖተ ሰላም ልጆች፣ ስሙኝ!

እናቶቻችን ከመደብ ሲነሱ እያያችሁ ነው? አንድ እጅ በግድግዳው፣ አንድ እጅ በጉልበት፤ «እህህ... ወይኔ ጉልበቴን!» ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ክብደታቸው ጨምሯል። እኛም «ወፈረች፣ ተመቻት» ብለን ደስ ይለናል። በስልክ «እማ፣ አትልፊ፣ ቁጭ በይ» እንላለን።

ይብቃን! ቁጭ ሲሉ ጡንቻ ይደክማል፤ ጡንቻ ሲደክም ሸክሙ መገጣጠሚያ ላይ ይወድቃል፤ ሕመሙ ይብሳል፤ ሲብስ ደግሞ ጨርሶ ይቀመጣሉ። ክብደት አንድ ኪሎ ሲቀንስ ግን በየእርምጃው ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ይቀላል።

በዚያ ጉልበት ላይ ተቀምጠን ጎርሰናል። በዚያ ጉልበት ታዝለን ገበያ ወርደናል። ዛሬ ተራው የእኛ ነው!

ባሕር ዳር ያለህ፣ አዲስ አበባ ያለሽ፣ ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ «ሩቅ ነን» አትበሉ። ኢንተርኔት ባይኖር ድምፅ ይበቃል።

ዛሬ ማታ ደውሉ። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ያድርግላት። «እማ፣ የማይነቃነቅ ወንበር ግድግዳ አስጠጊ» በሏት። ተነሺ! ቁጭ በይ! አንድ! ሁለት! ሦስት! አብራችሁ ቁጠሩ፤ እናንተም አብራችሁ ተነሱ። ዛሬ አምስት ጊዜ፣ ስትለምደው ስምንት፣ ከዚያ አሥር። ነገ ደግሞ እስከ በሩ፣ ከነገ ወዲያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ትራመድ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያንም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። በአንዴ አይደረስበትም፤ የቻሉትን ያህል ይጀምሩ። መጠነኛ ሕመም አያስፈራችሁ። ደረቷን ከወጋት፣ ራሷን ካዞራት ወይም ጉልበቷ በድንገት ካበጠ ግን ትቁም፤ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

የእድር ዳኞች፣ ከስብሰባ በፊት አሥር ደቂቃ አባላቱን አንቀሳቅሱ! የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤታችንን ስታንኳኩ ኖራችኋል፤ አሁን የአረጋውያኑን ስልክ መዝግቡ፣ በየሳምንቱ ደውሉ! ጎረቤት፣ ክንድህን አበድር!

ለቀብራቸው የምንሰበሰበውን ያህል ለጉልበታቸው እንሰብሰብ።

ቀጠሮ አትስጡ። ዛሬ ማታ ስልኩ ይጥራ፤ እናታችን ተነስታ ታንሳው!