ሽፋን ገላጩ ግስ ሽፋን ሲሆን

የቃል ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ መሆኑን ለመረዳት ከእንግሊዝኛው «ዲስከቨር» የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ይህ ግስ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ፍቺው ክዳን ማንሣት፣ የተሸፈነውን መግለጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም በዚሁ ጥንታዊ ፍቺ ይጠቀምበታል። የአውሮፓ መርከቦች ውቅያኖስ መሻገር ከጀመሩ ወዲህ ግን ግሱ «ማንም ያላወቀውን ማግኘት» ወደሚለው አጋደለ። «ማንም» የተባለውም አውሮፓዊው ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1492 ኮሎምበስ የደረሰበት ምድር ባለቤት፣ ስምና ታሪክ ነበረው። ሆኖም «ተገኘ» ተባለ። ቃል ነው፣ ማንን ይጎዳል? የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1823 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጆንሰንና በማኪንቶሽ ክርክር፣ ምድሩን «ማግኘት» ለአውሮፓውያን የባለቤትነት መብት እንደሰጠ፣ ለነባሩ ሕዝብ ግን የመኖር መብት ብቻ እንደቀረለት ወሰነ። ግሱ የርስት ሰነድ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ የባሕር ማዶ ጉዳይ ብቻም አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ በ1790 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍም ይህንኑ ግስ በርእሱ ተሸክሟል። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ምንጩን በ1618 አይቶት ስለ ነበር፣ ቀዳሚው ማን ነው የሚል ሙግት ተነሣ። ሙግቱ የሁለት እንግዶች ሙግት ነበር፤ ባለቤቱ ለምስክርነት እንኳ አልተጠራም። ፓኤዝ ግን ምንጩን ያየው ዐፄ ሱስንዮስን ተከትሎ ሄዶ ነው። ብሩስም ግሽን በሹመት የተቀበለው ከዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ እጅ ነው። ንጉሥ የሚሾምበትን፣ ገበሬ የሚያርሰውን፣ ሕዝቡ እንደ ቅዱስ የሚያከብረውን ስፍራ እንግዳ «አገኘው» ማለት እንዴት ይቻላል?

ዛሬ ግሱ የቀድሞ ሞገሱን አጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 የኮሎምበስ ጉዞ አምስት መቶኛ ዓመት ሲታሰብ «የሁለት ዓለማት መገናኘት» የሚል አባባል በምትኩ ቀረበ። በ2023 ደግሞ ቫቲካን «የግኝት መርሕ» የሚባለውን አስተሳሰብ እንደማትቀበል በይፋ አስታወቀች። ይሁን እንጂ ቃል መለወጥ ብቻውን እውነትን አያቀናም። ወራሪና ተወራሪ «ተገናኙ» ሲባል፣ የፈሰሰው ደም በለሰለሰ ጨርቅ እንደገና ይሸፈናል።

መፍትሔው ግሱን ማውገዝ ሳይሆን በቦታው ማዋል ነው። ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን አገኘ ማለት ተገቢ ነው፤ ከእርሱ በፊት ምንነቱን ለይቶ ያወቀው አልነበረምና። በ1974 በአፋር ሐዳር የድንቅነሽ አጽም ተገኘ ማለትም እንዲሁ። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ነገሩ ያልታወቀው ለማን ነበር?

በአማርኛ የጎረቤቱን ቤት አንኳኩቶ የገባ ሰው «ቤት አገኘሁ» ብሎ አያውጅም። እንግሊዝኛውን እንዳለ ገልብጦ «አገኘ» የሚል መምህር ወይም ተርጓሚ ግን ይህንኑ አዋጅ በተማሪው አፍ ያኖራል። ብሩስ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፣ ጻፈ፣ ለአውሮፓ አንባቢ አስተዋወቀ ቢባል ከድካሙ ዋጋ የሚጎድል የለም። የሚጎድለው፣ ምንጩን ሲጠጣ የኖረውን ሕዝብ የሸፈነው ክዳን ብቻ ነው።