ግድግዳው ከመቆሙ በፊት



ሸዋ ሮቢት ላይ አዲስ ቤት ሠርተው የገቡ አንድ አባት ለዱዓ ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። ዐስር ተቃርቧል፤ ሳሎን ተቀምጠናል። በምዕራብ በኩል የተከፈቱት ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች ፀሐይዋን እንዳለች ያስገባሉ፤ እንግዳው ሁሉ ፊቱን በእጁ ከልሏል። መጋረጃው ሲዘጋ ደግሞ ክፍሉ ጨለመና በጠራራ ቀን አምፖል በራ። ፍሪጁ ማድ ቤት ቦታ አጥቶ ኮሪደር ላይ ቆሟል። «መስኮት ሲሰፋ ለብርሃን ይሻላል ብዬ ነበር» አሉ አባትየው ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። ባለቤታቸው ግን የባሰውን ተናገሩ፦ «ኡስታዝ፣ ክፍሉ ስድስት ነው። እኔ ግን መስገጃ የምዘረጋበት አጥቼ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መሐል ተጣብቄ ነው የምሰግደው።»

ነገሩ ሲጣራ ፕላኑ ደብረ ሲና ካለው የወንድማቸው ቤት የተቀዳ ሆኖ ተገኘ። ደብረ ሲና የጣርማ በር ጉም የሚወርድባት ደጋ ናት፤ እዚያ የከሰዓት ፀሐይ እንግዳ ሆና ብትገባ ደስ ይላል። ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ መንገዱ ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ከፍታው ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ለብርድ የተሳለ ቤት ቆላ ላይ ቆመ ማለት ነው።

እኛ የይፋት ሰዎች በዚህ ጉዳይ አላህ ያገራልን ነገር አለ። መካ በ39 ዲግሪ ከ49 ደቂቃ የምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። ደብረ ሲናም ሸዋ ሮቢትም ከዚሁ መስመር ከ10 ደቂቃ በላይ አይርቁም። ስለዚህ ቂብላችን ቀጥ ብሎ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ቤቱን የሚያግለው ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ ግድግዳውን የምትመታው የምሥራቅና የምዕራብ ፀሐይ ናት። የቀትሯ ከአናት በላይ ናት፤ በክረምቱ ወራት ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። እንግዲህ ለቆላ ቤት ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞር፣ መስኮቶቹ በእነዚህ ሁለት ግድግዳዎች ፊት ለፊት ቢተያዩ፣ ምዕራቡ ቢደፈን ወይም በረንዳ ቢያገኝ፣ ነፋሱም ይተላለፋል፤ ሰጋጁም ከግድግዳው ጋር ቀጥ ብሎ ይቆማል። መስገጃው ሰያፍ አይዘረጋም። ለደብረ ሲና ቤት ደግሞ የደቡብ መስኮት ይስፋ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ፀሐይ የምትገባው በዚያ ነው። ኮምፓስ ስትይዙ ከፌሮ ብረቱ ክምር ራቅ በሉ፤ ያሳስታችኋል።

ከመሠረት ቁፋሮ በፊት ችካል፣ ሲባጎና አመድ ያዙ። ክፍሉን በሲባጎ ወጥሩ፤ አልጋውን፣ ሶፋውን፣ ቁም ሣጥኑን በልኩ በአመድ መሬት ላይ ሣሉት። ከሳሎኑ በሰሜን በኩል ቤተሰቡ በሁለት ሰፍ የሚቆምበት ሦስት ሜትር ያህል ባዶ ይተው። ያ ግድግዳ የቴሌቪዥን ግድግዳ አይሁን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በዓኢሻ (ረ.ዐ.) ቤት የነበረው ባለ ሥዕል መጋረጃ በሰላት ላይ ሐሳባቸውን ስለሚወስድ እንዲነሣ ማዘዛቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። መስኮቱም ቢሆን ከጎረቤት ግቢ ጋር የሚፋጠጥ ከሆነ ደፉን ከሰው ቁመት በላይ አድርጉት፤ አየሩ ይገባል፣ ዓይን ግን አያልፍም። ሸዋ ሮቢት ላይ ወባ ስላለ የወንፊት ፍሬሙ ከመስኮቱ ጋር አብሮ ይታዘዝ፤ አጎበር የሚሰቀልበትም ቦታ ከአልጋው በላይ ይታሰብ።

የመጸዳጃው መቀመጫ ሳይተከል ተነጋገሩበት። አቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲሥ በመጸዳዳት ጊዜ ወደ ቂብላ ፊት መስጠትም ጀርባ መስጠትም ተከልክሎ፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ መዞር ታዟል። የመዲና ሰዎች ቂብላቸው ደቡብ፣ የእኛ ሰሜን ስለሆነ ትእዛዙ ለኛም ቃል በቃል ይሠራል። በግንብ ውስጥ ሲሆን ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ግን አስቀድሞ ለማዞር ምንም ወጪ የለውም፤ ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ነው የሚያስወጣው።

ማድ ቤቱን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ ልበል፦ የምትሠራበት ሴት ሳትጠየቅ የተሳለ ማድ ቤት ዞሮ ዞሮ መፍረሱ አይቀርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3,500 ዋቱ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል፤ ይህ አንድ ተራ ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ታውቆ፣ ባለ 4 ሚሊ ሽቦና የራሱ ብሬከር ከቆጣሪው ድረስ ይምጣለት። ከፍሪጅ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ተሰክቶ ቀልጦ የተያዘ ሶኬት በዓይኔ አይቻለሁ። ፍሪጁ ከምጣዱም ከምዕራብ ግድግዳም ይራቅ፤ ከጀርባው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይተውለት። ከውስጥ የሚያወጣውን ሙቀት መጣያ ካጣ ሞተሩ ሲሠራ ይውላል፤ ቆጣሪውም ይቆጥራል።

መኝታ ቤት ላይ የቁም ሣጥኑ ጉዳይ ቀላል አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር የካራቆሬ መሬት ተንቀጥቅጦ ማጀቴን እንዳፈረሳት የዚህ አገር ሽማግሌዎች ያውቃሉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽና በፈንታሌ ዙሪያ የተከታተለው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ረጅም ቁም ሣጥን በአልጋ ራስጌ አይቁም፤ ከግድግዳው ጋር በብረት ማዕዘን ይታሰር። የልጆች አልጋም ከሰፊ መስተዋት ሥር አይሁን።

ለደብረ ሲና ወገኖቻችን አንድ ልጨምር። በብርድ ጊዜ መስኮቱን ዘግቶ የከሰል ምድጃ አጠገብ መተኛት የተለመደ ነው። የከሰሉ መርዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በሰዎቹ ላይ ሲቃጠል ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስትተኙ እሳቱን አጥፉ ማለታቸው የታወቀ ነው። በጣሪያው ሥር ትንሽ የአየር መውጫ ከመጀመሪያው ይተው፤ ምድጃው ግን መውጫ ስላለ ብቻ ውስጥ አይደር።

የሸዋ ሮቢቱ አባት ከሁለቱ የምዕራብ መስኮቶች አንዱን በብሎኬት አስደፍነው ሶፋውን እዚያ አስጠግተዋል፤ በሰሜን በኩል ለመስገጃ ቦታ ተገኝቷል። ማድ ቤቱ ግን ገና ነው፤ ለሽቦው ግድግዳ መቦርቦር አለበት፤ ፍሪጁም እስከዚያው ኮሪደር ላይ ነው።