እርግዝናን ለአሠሪ መንገር የሚገባው መቼ ነው?

በአገራችን የእርግዝና ወሬ ከጥንት ጀምሮ የሚነገረው ዘግይቶ ነው። ሆድ ሳይገፋ ቢነገር የሰው ዓይን ያርፍበታል፤ ጽንሱም ሳይጠና ቢቀር ኀዘኑ እጥፍ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ይህን ልማድ እንዲያው በጅምላ መንቀፍ አይገባም። ከሚጨነግፉት ጽንሶች የሚበዙት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ የሚጨነግፉ መሆናቸውን ሐኪሞች ያረጋግጣሉና፤ የእናቶቻችን ጥንቃቄ ከልምድ የተገኘ ነው። ዳሩ ግን ልማዱ የቆመው ሴት የምትውልበትን ሥራ ራሷ በምታውቅበት፣ ሲደክማትም ራሷ በምታርፍበት ዘመን ነው። ዛሬ በትምህርት ቤት፣ በጽሕፈት ቤት፣ በፋብሪካና በሐኪም ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ሴት የምትውልበትን ሥፍራና የምታርፍበትን ሰዓት የሚወስንላት ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ «ለአሠሪዬ መቼ ልንገረው?» የሚለው ጥያቄ የብዙዎች እኅቶቻችን ጭንቀት ሆኖ ይገኛል።

በእኛ አስተያየት መልሱ ለሁሉ እኩል የሚሆን አንድ የተቈረጠ ወር አይደለም። ቀኑን ሊወስነው የሚገባ የሥራው ጠባይ ነው።

የሕፃኑ ልብና አንጎል፣ እጁና እግሩ ቅርጻቸውን የሚይዙት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት፣ ይኸውም ማንም ሰው እርግዝናውን በዓይኑ ሊያይ በማይችልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በራጅ ክፍል የምትሠራ፣ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት በሚረጭበት የአበባ እርሻ የተቀጠረች፣ እርሳስ በሚቀልጥበት ሥፍራ የምትውል፣ ወይም በግንባታ ሥራ ድንጋይና ሲሚንቶ የምትሸከም ሴት እርግዝናዋ እንደ ተረጋገጠ ወዲያውኑ ብትናገር ይበጃታል። 12 ሳምንት እስኪሞላ የጠበቀች እንደሆነ፣ ጽንሱ ከሁሉ ይልቅ ጥበቃ የሚሻበት ጊዜ በዝምታ ያልፋል። በአንጻሩ በጽሕፈት ቤት ተቀምጣ የምትሠራ ሴት ነገሩን ለጊዜው በቤተ ሰቧ ዘንድ ብቻ ብታቈየው የሚነቅፋት ሊኖር አይገባም። በልጆች መካከል የምትውል መምህርት ግን በክፍሏ ሽፍታ ያለበት ትኩሳት የተነሣ እንደሆነ ለሐኪምም ለዲሬክተሯም ፈጥና ትናገር። ሩቤላ የሚባለው በሽታ እናቲቱን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲይዛት የሕፃኑን ዓይን፣ ጆሮና ልብ ሊጎዳ ይችላልና።

ለአሠሪ መንገር ቢዘገይ እንኳ ለጤና ባለሙያ መንገር ሊዘገይ አይገባም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ምርመራ 12 ሳምንት ሳይሞላ እንዲሆን መክሯል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እርግዝና በሽታ ባይሆንም ምክሩ ለነፍሰ ጡርም ይሠራል።

ዝም ማለት ሌላም ጉዳት አለበት። ሕግ የሚጠብቀው የታወቀውን ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም እንዳትታዘዝ ይከለክላል። ሥራዋ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ሲያረጋግጥ ወደ ሌላ ሥራ እንድትዛወር ያዛል፤ ለምርመራ የምትሄድበትንም ጊዜ ደመወዝ እንዳይቈረጥበት ያደርጋል። ከእርግዝናዋ ጋር ግንኙነት በሌለው ሕጋዊ ምክንያት ካልሆነ በቀርም፣ በእርግዝናዋ ወራትና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ከሥራ እንዳትሰናበት ይጠብቃታል። ነገር ግን አሠሪው እርግዝናዋን አላውቅም ያለ እንደሆነ ይህን ሁሉ መብት ማስከበር አስቸጋሪ ይሆናል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ የምትናገር ሴት በጽሑፍ ትናገር፤ የሐኪም ማስረጃ ታያይዝ፤ ግልባጩንም በእጇ ታስቀር።

ይህን ሁሉ ስንል ሸክሙን በሴቲቱ ትከሻ ላይ ብቻ መጣላችን አይደለም። የምትናገርበትን ቀን በእውነት የሚወስነው የአሠሪው ፊት ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ባየ ቍጥር ፊቱን የሚያጠቍር፣ ዕድገቷን የሚያቈይ አሠሪ ነገሩን የሚሰማው በሰባተኛው ወር፣ ተተኪ ለማዘጋጀት ጊዜ ባጣ ጊዜ ነው። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ የሚቀበል ዲሬክተር ግን አስቀድሞ ስለሚሰማ፣ ክፍሉን የሚይዝ መምህር ፈልጎ፣ የትምህርቱን ሰሌዳ አስተካክሎ፣ ተማሪዎቹ ሳይጎዱ ጊዜውን ያሳልፋል። ስለዚህ ቸርነቱ ለራሱም ሥራ ይጠቅመዋል።

በመጨረሻም አንባቢዎቻችን በየቤታችሁ አሠሪዎች መሆናችሁን ልትዘነጉ አይገባም። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ በሰው ቤት የምታገለግለውን የቤት ሠራተኛ አይመለከታትም። እርሷ ብትናገር ሥራዋን ብቻ ሳይሆን ማደሪያዋንም የምታጣ ስለሚመስላት፣ ሆድዋን በመቀነት አጥብቃ ውሃ ትቀዳለች፤ ጤና ጣቢያም ሳትረግጥ ምጥ ይይዛታል። ለዚህች ልጅ ያላት ሕግ የእመቤቲቱ ኅሊና ነው። «ብታረግዢ አላባርርሽም፤ ብቻ ቶሎ ንገሪኝና ጤና ጣቢያ እንሂድ» የሚለው ቃል ገንዘብ አያስወጣም፤ ሁለት ነፍስ ግን ሊያድን ይችላል።

እንግዲህ እናንት መምህራን ይህን ላላነበበ አንብቡለት፤ እናንትም አሠሪዎች፣ እኅቶቻችን ያለ ፍርሃት የሚናገሩበት ሥፍራ እንዲኖር ትጉ።